ዘምዘም እምቢ ስትል

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ረፋዱን የማሳልፈው ሸዋ ሮቢት አስፋልቱ ዳር ባለች አንዲት ጭማቂ ቤት ነው። ጥላዋ ጥሩ ነው፤ ፓፓያዋም ውሃ አይበዛበትም። ሰሞኑን እዚያው ተቀምጬ ስልኬ ጠራ። የደወለችው ቢሮ ውስጥ በእኔ ቦታ የተተካችው ሰላማዊት ናት። ጆሮዬ እንደ ድሮው ስላልሆነ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጌ ነው የማወራው።

«ጋሼ ጌታቸው፣ ዘምዘም እምቢ አለችኝ» አለች።

«ምን ብላ?»

«ቁጥሩ ያው ነው፣ አሻራው ግን ሌላ ሆኗል ትላለች።»

«እንግዲያው እውነቷን ነው። እንዳትጫኛት። ፓኬጁን የላከልሽን ሰው ምን እንደነካካ ጠይቂው።»

ስልኩን ስዘጋ አጠገቤ የተቀመጠው ጎማ ነጋዴ ወዳጄ ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ አድርጎ ከላይ እስከ ታች አየኝ። «አንተ ሰውዬ፣ በዚህ ዕድሜህ ደግሞ እምቢ የምትል ሴት ጀመርክ?» አለኝ። ዘምዘም በኮምፒውተር ውስጥ ያለች መቆጣጠሪያ እንደሆነች፣ ደግሞም ሽንኩርት የሚያለሙ እውነተኛ ሴትዮ እንደሆኑ ላስረዳው ሞከርኩ። መሃል ላይ ፊቱን ሳየው ተውኩት። በአንድ ብርጭቆ ጭማቂ የሚያልቅ ነገር አይደለም። ለዚህ ነው ቤቴ ገብቼ መጻፍ የጀመርኩት።

ሥራ የጀመርኩት ማጀቴ ነው፣ በአንድ ጽሕፈት ቤት የመረጃ ሠራተኛ ሆኜ። የደመወዙ ነገር ይቅር፤ ለብቻዬ ስለነበርኩ በቅቶኛል። የመጀመሪያው አለቃዬ አቶ ተስፋዬ ቸር ሰው ነበሩ፤ ኮምፒውተሩን ግን እንደ ጓዳ ነበር የሚጠቀሙበት፤ ሁሉንም ነገር እላዩ ላይ መወርወር። አንድ ሪፖርት ሲጨርሱ «የመጨረሻ» ብለው ያስቀምጡታል። ሲያርሙት «የመጨረሻ የመጨረሻ» ይሉታል። በኋላ «እውነተኛው የመጨረሻ» ይመጣል። ከበላይ «ሪፖርቱ የታለ?» ተብለው ሲጠየቁ የቱን እንደሚልኩ ግራ ገብቷቸው እኔን ይጠሩኛል። እኔም ሁሉንም ከፍቼ መስመር በመስመር አነጻጽራለሁ። ያኔ በሆዴ እስቅ ነበር። አንድ ፋይል ስሙ እውነቱን ካልተናገረ ሰው ምን ያህል እንደሚለፋ ያየሁት ግን እዚያ ነው፤ ኋላ የሠራሁት ሥራ ሁሉ በዚያው ጉዳይ ዙሪያ ነበር።

ከማጀቴ በኋላ ለጥቂት ወራት አሊዩ አምባ የገበያ ዋጋ መዝግቤያለሁ፤ ጀውሃም ተመድቤ ነበር። በመሃሉ በማታ ትምህርት የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፍ ተማርኩ። በመጨረሻ ሸዋ ሮቢት ላይ የመስኖ ፕሮጀክት ሲከፈት በሶፍትዌር ሠራተኛነት ተቀጠርኩ፤ ከዚያ ወዲያ የትም አልሄድኩም። ሙቀቱን ብዙ ሰው ያማርረዋል፤ እኔ ግን ወደድኩት።

እዚያ ነው ከጋሼ እንድሪስ ጋር የተገናኘነው። ጋሼ እንድሪስ የማጀቴ ልጅ ናቸው። አዲስ አበባ ኮምፒውተር ተምረው ብዙ ዓመት እዚያው ሠርተዋል። «ብርዱ አጥንቴ ገባ» ብለው ወደ ቆላው የተመለሱ ሰው ነበሩ። ጠዋት ቢሮ እንደገቡ ጫማቸውን አውልቀው ከጠረጴዛው ሥር ያስቀምጡና ባዶ እግራቸውን ሲሚንቶው ላይ ያሳርፋሉ። ቀኑን ሙሉ እንደዚያው ናቸው። ጫማቸውን በሥራ ሰዓት ካደረጉ አንድ ነገር ተበላሽቷል ማለት ነው፤ ይህን ቢሮው ሁሉ ያውቀዋል።

ሥራችን ምን እንደነበር ለማያውቅ ሰው ትንሽ ልንገር። ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው ሁሉንም ነገር ከባዶ አይጀምርም። ቀን የሚቆጥርለትን፣ የስልክ መልእክት የሚልክለትን ኮድ ሌላ ሰው ጽፎ፣ ጠቅልሎ፣ ስም አውጥቶ አስቀምጦለታል። ፓኬጅ የምንለው ያንን ጥቅል ነው። እኛ የምንፈልጋቸውን ጥቅሎች ስም ጽፈን እንሰጣለን። ቢልድ የሚያደርገው መሣሪያ ደግሞ ያንን አንብቦ ጥቅሎቹን ከሩቅ ማከማቻ ያመጣና ከእኛ ኮድ ጋር ገጣጥሞ የሚሠራ ፕሮግራም ያወጣል። አንዴ ያመጣውን ጥቅል እኛው ኮምፒውተር ላይ ያኖረዋል። ሌላ ጊዜ ያንኑ ስምና ያንኑ ቁጥር ከጠየቅነው ያስቀመጠውን አይቶ «አለኝ» ይላል እንጂ ሩቅ አይሄድም። ኢንተርኔት እንደልብ በማይገኝበት ቦታ ይህ ትልቅ ጸጋ ነው።

ለጀማሪ ግን መከራም አለው። ፕሮጀክታችን ጀውሃ ላይ አንዲት ትንሽ ቢሮ ነበረችው፤ ኢንተርኔት የላትም። አንድ ጊዜ የመልእክት መላኪያውን ፓኬጅ በፍላሽ ይዤ በሚኒባስ ወረድኩ። ከምሳ በፊት ጨርሼ እመለሳለሁ ብዬ ነበር። ፓኬጁን ስጭነው ሌላ ፓኬጅ ጠየቀኝ፤ ያኛው ደግሞ ሌላ ይፈልጋል። ለካ ሙሽራውን ብቻ ይዤ ሚዜዎቹን ሸዋ ሮቢት ትቻቸዋለሁ። ለጋሼ እንድሪስ ስደውልላቸው ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው። «በል እዚያው ጥሩ ምግብ ቤት አለ፣ ምሳህን ብላና ተመለስ» አሉኝ። ከሹፌሮች ጋር ተቀምጬ ጥብስ በላሁና ባዶዬን ተመለስኩ።

ጋሼ እንድሪስ ይህን ሙያ ያስተማሩኝ በማሾ ጆንያ ነው። አባታቸው ማጀቴ ላይ የማሾ መጋዘን ነበራቸው። ጆንያው ሞልቶ ሲሰፋ ላዩ ላይ በቀለም ሦስት ነገር ይጻፍበታል፤ የማን እንደሆነ፣ ምን እንደሆነ፣ የየትኛው ምርት እንደሆነ። አባታቸው አንድ ደንብ ነበራቸው። የተሰፋና የተጻፈበት ጆንያ ተከፍቶ አንድ ጣሳ እንኳ ቢጨመርበት ወይም ቢቀነስበት የድሮው ጽሑፍ ይፋቃል፣ አዲስ ይጻፍበታል። ምክንያቱም ገዢው ከፍቶ አያይም፤ ጽሑፉን አምኖ ነው መኪና ላይ የሚያስጭነው።

«ፓኬጅም ያው ነው» ይሉኝ ነበር፣ እግራቸውን ሲሚንቶው ላይ እያፈራረቁ። «ማን አወጣው? ስሙ ማን ነው? ስንተኛው ነው? መሣሪያው የሚያየው ይህንን ነው። ውስጡን አያይልህም።»

«እኛስ እንዴት እናያለን?»

«እኛማ ሚዛን አለን።»

ሚዛን ያሉት አሻራውን ነው። ከፋይሉ ይዘት ተሰልቶ የሚወጣ ረጅም የፊደልና የቁጥር ሰንሰለት አለ። ፋይሉ ውስጥ አንዲት ነጥብ ብትቀየር ሰንሰለቱ በሙሉ ሌላ ይሆናል። ጋሼ እንድሪስ ከዋናው ቢሮ አዲስ ፓኬጅ በመጣ ቁጥር ስልክ ይደውሉና ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ አድርገው «ኤፍ፣ ሦስት፣ ዜሮ፣ ቢ...» እያሉ ያነባሉ። ያኛው ወገንም ከራሱ ያነባል። እውነቱን ለመናገር እኔን ይሰለቸኝ ነበር። ሁለት ትልልቅ ሰዎች ስልክ ላይ ተጥደው ፊደል ሲቆጥሩ የሚያይ ምን ይላል እያልኩ አፍር ነበር።

የሠራነው ፕሮግራም ከሮቢ ወንዝ በተጠለፈው ቦይ ለሚጠቀሙ ገበሬዎች የውሃ ተራቸውን በስልክ የሚልክ ነው። ተራው የደረሰ ሰው ጠዋት መልእክት ይመጣለታል፤ የቦዩን በር የሚከፍተው ሰውም ያው ስም ይደርሰዋል። በዚያ ቦይ የቆየ ልማድ አለ። ዓርብ ቀትር ላይ፣ ወንዱ ሁሉ ለጁምዓ መስጊድ ሲሄድ፣ ውሃው ለማንም አይሰጥም፤ ወደ ከብት ማጠጫው ኩሬ ይለቀቃል። ተራው ያን ሰዓት ላይ የወደቀ ሰው ያን ዙር ያልፈዋል። ዙሩ ስምንት ቀን ስለነበር ዛሬ ዓርብ የወደቀበት ሰው በሚቀጥለው ቅዳሜ ይደርሰዋል። ጉዳቱ ለሁሉም እየተዳረሰ ማንም አላማረረም። ፕሮግራማችንም በዚሁ ልማድ ተጻፈ።

ከዚያ ጥቂት ገበሬዎች የራሳቸውን ጉድጓድ አስቆፍረው ከቦዩ ወጡና ዙሩ ሰባት ቀን ሆነ። ሰባት ቀን ማለት ሳምንት ነው። ዓርብ ቀትር ላይ የወደቀበት ሰው ሁልጊዜም ዓርብ ቀትር ላይ ይወድቃል ማለት ነው። ይህን ማናችንም አላሰብነውም። የወደቀባቸው ሰው እትዬ ዘምዘም ነበሩ።

እትዬ ዘምዘም ባላቸው ከሞቱ በኋላ ማሳ ተከራይተው ሽንኩርት የሚያለሙ ሴት ናቸው። ባለመሬቱ «ምርቱ ካላማረ ለሌላ እሰጠዋለሁ» ብሏቸው ነበር። ሌላ መሬት አልነበራቸውም። ሽንኩርቱ ራስ መያዝ በጀመረበት ሰሞን ተራቸው ሲዘለል ቅዳሜ ጠዋት ቢሮ መጡ።

«ውሃዬን ማን ወሰደው?» አሉ በሩ ላይ ቆመው።

ነገሩ ሲጣራ ምክንያቱ ወዲያው ተገኘ። የውሃ አባቱ ሐጂ ዑመር፣ የቦዩን ተራ የሚዳኙት ሽማግሌ ማለት ነው፣ ተጠርተው መጡ። ሁላችንም ተስማማን፤ ከእንግዲህ ዓርብ ቀትር ላይ የወደቀ ተራ አይዘለልም፣ ከአሱር ሶላት በኋላ፣ ፀሐይ በረድ ሲል፣ ይሰጣል። ተራውን የሚያሰላው ፓኬጅ የሚዘጋጀው በዋናው ቢሮ ነበርና እዚያ ያለው ባልደረባችን አረመው። ማክሰኞ ደውሎ «ተስተካክሏል፣ ቢልድ አድርጉት» አለኝ። ጋሼ እንድሪስ ማጀቴ ለቅሶ ሄደው ነበር። ቢልድ አደረግኩ። መሣሪያው በአረንጓዴ ጽሑፍ ተሳክቷል አለኝ። ደስ ብሎኝ ለእትዬ ዘምዘም ደወልኩላቸው። «ዓርብ ከአሱር በኋላ ውሃዎ ይመጣል፣ አይስጉ» አልኳቸው።

ዓርብ መልእክቱ አልመጣም። እትዬ ዘምዘም ቦዩ ዳር እስከ መግሪብ፣ ፀሐይ እስክትጠልቅ ቆመው ውሃው በፊታቸው ወደ ሌላ ሰው ማሳ አለፈ።

ቅዳሜ ጋሼ እንድሪስ ከለቅሶ ተመለሱ። ነገሩን ስነግራቸው ለባልደረባችን ደወሉ። «የፋይሉን አሻራ አንብብልኝ» አሉት። እሱ ያነባል፣ እሳቸው ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ ያስኬዳሉ። ገና ከመጀመሪያዎቹ ፊደላት ተለያየ።

«ቁጥሩን አልቀየርከውም?» አሉት።

«አንድ መስመር ብቻ ስለሆነ በዚያው በድሮው ቁጥር መለስኩት ጋሼ። ለዚህች ብዬ አዲስ ቁጥር ልስጥ?»

«ጆንያው ተከፍቶ ተሰፍቷል» አሉኝ ወደ እኔ ዞረው። አዲሱ ፓኬጅ በድሮው ስምና በድሮው ቁጥር ነው የተቀመጠው። የእኛ መሣሪያ ስሙን አየ፣ ቁጥሩን አየ፣ አለኝ አለ፤ የድሮውን ገጣጠመ። ተሳክቷል ያለኝ እውነቱን ነው፤ ያሳካው ግን ስህተቱን ነበር።

ኮምፒውተሩ ላይ ተደፍቼ የድሮውን ፓኬጅ ላጠፋ ስል ጋሼ እንድሪስ ጫማቸውን ሲያደርጉ አየሁ።

«እሱ ይደርሳል» አሉኝ። «መጀመሪያ ማሳው።»

ያን ማሳ እስካሁን አልረሳሁትም። ቅጠሉ ጫፉ ነጥቶ ተኝቷል፤ አፈሩ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ አውጥቷል። እትዬ ዘምዘም መደቡ ላይ ተቀምጠው አንዱን ሽንኩርት ነቅለው በእጃቸው ይዘዋል።

«እትዬ ዘምዘም፣ ጥፋቱ የእኛ ነው» አሉ ጋሼ እንድሪስ።

«የማን ሊሆን ኖሯል? ሽንኩርቱ ራሱን አላቃጠለ።» ከዚያ ወደ እኔ ቀና አሉ። «ጌታቸው፣ ጎረቤቴ የውሃ ሞተር ላውስሽ፣ ከወንዙ ሳቢ ብሎኝ ነበርኮ። ጌታቸው ነግሮኛል፣ አልፈልግም ብዬ መለስኩት። ወላሂ፣ አንተን አምኜ ነው የመለስኩት።»

በሥራ ዘመኔ ብዙ ሰው ተቆጥቶኛል፤ እንደዚያ ያመመኝ ቁጣ ግን የለም። እሳቸው ደግሞ አልተቆጡም ነበር።

ሐጂ ዑመር ያን ቀን የቦዩን ሰዎች ሰበሰቡ። «ከየተራችሁ ትንሽ ትንሽ ቀንሱላት» አሉ። ያጉረመረመ ነበር፤ የከለከለ ግን አልነበረም። የተዋስነውን ሞተር እኔና ጋሼ እንድሪስ ከወንዙ ዳር አስነስተን ሱሪያችንን ሰብስበን ውሃ መራን። ግማሹ ማሳ ተቃጠለ፣ ግማሹ ተረፈ። ባለመሬቱ መጥቶ የተረፈውን ዞር ዞር ብሎ አየና «ይሁን» ብሎ ሄደ። መሬቱ በእጃቸው ቀረ።

«ማሳው ቀረልኝ፣ አልሐምዱሊላህ» አሉኝ እትዬ ዘምዘም። «ስልክህን ግን ከእንግዲህ አላምነውም።»

ፓኬጁ በአዲስ ቁጥር ወጣ፤ ዓርብ ከአሱር በኋላ ውሃው መጣ። ጋሼ እንድሪስም አንድ ሥራ ሰጡኝ። «እኔ ለቅሶ ብሄድም፣ አንተ ብትታመምም የሚጠይቅ ነገር ሥራ» አሉኝ። ጥቂት ሳምንት ፈጀብኝ። እያንዳንዱ ፓኬጅ ከስሙና ከቁጥሩ ጋር አሻራውም ከላኪው ተቀብለን እንዲመዘገብ አደረግሁ። ቢልድ ሲደረግ በእጅ ያለው ፋይል አሻራ ከተመዘገበው ጋር ካልገጠመ ሁሉም ነገር ቀጥ ይላል፤ ማለፊያ መንገድ የለውም። ስም ስጠው ስባል ሌላ ስም አልመጣልኝም። ስክሪኑ ላይ «ዘምዘም እምቢ ብላለች» እንዲል አድርጌ ጻፍኩት።

እትዬ ዘምዘም ይህን የሰሙት ከጊዜ በኋላ ነው፣ ገበያ ላይ ተገናኝተን።

«ስሜን ማሽን ውስጥ ከተታችሁት አሉ?»

«አዎ እትዬ።»

«እና ምን ትሠራለች?»

«እምቢ ትላለች።»

ሳቁ። «ታዲያ እኔን አትመስልማ። እኔ እሺ ብዬ ነው የተቃጠልኩት» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ውሃቸው አንድ ዓርብ እንኳ አልቀረባቸውም። እሳቸው ግን በየዓርቡ፣ መልእክቱ ጠዋት ደርሷቸው እያለ፣ ገና ከቀትር ጀምሮ ጥቁር ጥላቸውን ዘርግተው ቦዩ በር ላይ ይቀመጣሉ። ከቢሯችን መስኮት ያ ጥላ ይታያል። ፕሮግራሙን ለማየት ከዋናው ቢሮ እንግዶች መጥተው ሲያደንቁን ዓይኔ ወደ መስኮቱ ይሄድ ነበር። ጋሼ እንድሪስ ጡረታ ወጥተው ማጀቴ ወደ አባታቸው መጋዘን ሲመለሱ የመጨረሻ ቃላቸውም ስለ ጥላው ነበር። «ሥራው ያለቀ እንዳይመስልህ፣ ገና ተቀምጣለች» አሉኝና ሄዱ።

የእኔ ተራ ሲደርስ ባልደረቦቼ ሽኝቱን በቢሮው ግቢ፣ ማንጎው ሥር አዘጋጁ። ቀኑ ዓርብ ሆነ፤ ሰዓቱም ሰዎች ከአሱር ሶላት እስኪመለሱ ተጠበቀ። ዓርብ መሆኑ በጀ፤ ምግቡ ሁሉ የጾም ስለሆነ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ከአንድ ትሪ በላ። ጋሼ እንድሪስ ከማጀቴ ማሾ በጆንያ ይዘው መጡ፤ ላዩ ላይ የማን፣ ምን፣ የየትኛው ምርት እንደሆነ ተጽፎበታል። ሰላማዊት ስለ እኔ ጥሩ ጥሩ ነገር ተናገረች፤ ግማሹ እውነት ነው።

እኔ ለንግግር ስነሳ እትዬ ዘምዘምን ከፊት ወንበር ላይ አየኋቸው። ሰዓቴን አየሁ። ደነገጥኩ። ጎንበስ ብዬ «እትዬ፣ ተራዎ አሁን አይደለም እንዴ?» አልኳቸው ቀስ ብዬ።

«ነው እንጂ። ልጄ ማሳው ላይ ናት፣ ትመራዋለች።»

«በሩ ላይ ማን አለ?»

«ማን ይኖራል? ከፋቹ ነዋ» አሉ፣ የጠየቅኩት ነገር ግራ እንደገባቸው ሁሉ። «መልእክቱ ጠዋት መጥቷል አይደል? እዚያ ተቀምጬ ምን ልሠራ ነው? ይልቅ ንግግርህን ተናገር፣ ሰው እየጠበቀህ ነው።»

ጥላቸው ታጥፎ ከወንበሩ ሥር ተቀምጧል። ጋሼ እንድሪስን ፈልጌ አየኋቸው፤ እሳቸውም ጥላውን እያዩ ነበር። ጫማቸውን አውልቀው ሣሩ ላይ ቆመዋል። ያዘጋጀሁት ንግግር ረጅም ነበር፤ አመሰግናለሁ ብቻ ብዬ ተቀመጥኩ።